እሳት ያልገባው ላሜራ

ጌጡ የሞተር ሽቦ ሲጠመጥም የሚቆጥረው በመቁጠሪያ ነው። ከእናቱ የቀረችው ባለ ስድሳ አራቷ ጥቁር መቁጠሪያ ናት። ሽቦው አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር አንዲት ፍሬ ያሳልፍና በሆዱ ‹‹ኪርያላይሶን›› ይላል። ስድሳ አራቱ ሲሞላ አንዲት ባቄላ ጣሳ ውስጥ ይጥላል። ባቄላዎቹ አስር ወይም አስራ ሁለት ሲሆኑ፣ እንደ ሥራው ነው፣ ያቆማል። ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዷ ሚስቱ እመቤት ናት፤ ሁለተኛው አበልጁ አያሌው ነው።

ትምህርት ቤት የረገጠው ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም። ስሙን ይጽፋል፤ ቀስ ብሎ፣ በግራ እጁ ከልሎ። ቁጥር ከመቶ ሲያልፍ ይጠፋበታል። ባሕር ዳር ሥራ ያስተማሩት ሽማግሌ ይህን አያውቁም ነበር፤ እሱም አልነገራቸውም። ሌላው ሠራተኛ በወረቀት ሲመዘግብ እሱ እጁን ኪሱ ከትቶ ፍሬ ያሳልፍ ነበር። አንድ ቀን ሽማግሌው ሁሉንም ፈቱና ቆጠሩ። ያልተሳሳተው እሱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ምን ብሎ እንደሚያስረዳ ጨንቆት ዝም አለ፤ እሳቸውም ጭምት ነው ብለው ተዉት።

አሁን ደብረ ታቦር ከመናኸሪያው ጀርባ የቆርቆሮ በር ያላት ጠባብ ሱቅ አለችው። የተቃጠለ ዲናሞ፣ የውኃ ፓምፕ፣ ትራንስፎርመር ይመጣለታል። ደንበኛ ሲገባ ቀና ይልና መልሶ ያቀረቅራል። ብዙ ካወሩት ያልበዋል። መቁጠሪያዋ ከጠረጴዛው ሥር ከጉልበቱ ላይ ስለምትሆን ማንም አያያትም።

አያሌው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ከጌጡ ሱቅ አራት በር አልፎ የብየዳ ቤት አለው። ግቢው ውስጥ የከሰል ምድጃ አለ፤ በሞተር የሚዞር መዳመጫም አለ፣ ሁለት ከባድ ድብልብል ብረቶች ተነባብረው፣ ላያቸው ላይ ማጥበቂያ ብሎን ያለው። ጨዋታ ያውቃል፣ ያነባል፣ ይጽፋል፣ ቢሮ ገብቶ ጉዳይ ይጨርሳል። ጌጡ የሚፈርምበት ወረቀት ሲመጣ አንብቦ የሚነግረው እሱ ነበር። ዛሬ ባሕር ዳር የሚማረው የጌጡ ልጅ ፋሲል በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ የያዘውም አያሌው ነው። ከዚያ ወዲህ አበልጄ፣ አበልጄ ሲባባሉ ሃያ ዓመት አለፈ።

ሥራቸውም አብሮ ነበር። ነገሩ የሚገባው ብረቱን ትንሽ ላወቀ ነው።

ትራንስፎርመር ሆዱ ውስጥ ያለው ላሜራ እንደ ማንኛውም ላሜራ አይደለም። ፋብሪካ ሲሠራ በከባድ መዳመጫ መሀል እየተዳመጠ ነው ቀጥኖ የሚወጣው። ሲዳመጥ የሄደበት መንገድ ታዲያ ውስጡ ይቀራል። ኃይሉ በዚያው መንገድ ከሄደ ሜዳ ላይ እንደሚሄድ ሰው ነው። አግድም ከሄደ ግን የጉናን ተራራ ሸክም ይዞ እንደሚወጣ ሰው ያለከልካል፤ ብረቱም ይሞቃል፣ ያጉረመርማል። ስለዚህ ጌጡ ላሜራ ሲቆርጥ መጀመሪያ አካሄዱን ያያል።

ችግሩ አዲስ ላሜራ አይገኝም። የሚገኘው ከአሮጌ ትራንስፎርመር ነው፤ እሱም እንደ ገመድ ተጠቅልሎ የኖረ ነው። ዘርግቶ ለማቃናት በመዳመጫ ማሳለፍ ግድ ይላል። በቀዝቃዛው የተዳመጠ ላሜራ ደግሞ፣ ጌጡ እንደሚለው፣ ይቀየማል። ቀጥ ብሎ ያምራል፣ ኃይል ግን እንደ በፊቱ አያሳልፍም። መድኃኒቱ እሳት ነው። ክዳን ባለው የብረት ሣጥን ይደረደራል፣ ክዳኑ በጭቃ ይመረጋል፣ ሣጥኑ የበሰለ በርበሬ እስኪመስል በከሰል ይጋላል፣ ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ሳይነካ ይቀዘቅዛል። ቸኩሎ የከፈተው ሰው ልፋቱ መና ነው። መዳመጫውም ላላ ብሎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለማቃናት ያህል መሆን አለበት። አያሌው ይዳምጥለታል፣ ያግልለታል፤ ጌጡ ይቆርጣል፣ ይጠመጥማል። እንዲህ ነበሩ።

ጌጡ የላሜራውን መታረቅ የሚያውቀው በአምፖል ነው። አንድ አምፖልና አንድ የሽቦ ጥቅል ያያይዛል፤ ላሜራውን ጥቅሉ ውስጥ ይከተዋል። ጥሩ ላሜራ ሲገባ አምፖሉ ይደክማል፣ ክሩ ብቻ እንደ ፍም ይቀላል። ክፉው ሲገባ ቦግ ብሎ ይበራል። ለማያውቅ ሰው የተገላቢጦሽ ይመስላል። ጥሩው ብረት ኃይሉን ስለሚይዘው ነው ለአምፖሉ የማይተርፈው፤ ጌጡ የገባው እንደዚያ ነው።

በጥር መጨረሻ ከገሳይ ወይዘሮ ፈንታነሽ መጣች። ሽሮና በርበሬ የምትፈጭ ሴት ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱ የቆመው በዚያች ወፍጮ ነው። ገሳይ የመብራቱ መስመር ጫፍ ላይ ስለሆነ ኃይሉ ይደክማል፣ ወፍጮው እያጓራ ይቆማል። ኃይሉን ከፍ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ሥራልኝ አለችው። ዐቢይ ጾም ሳይገባ እንዲደርስ ለመነችው፤ ሰው ሁሉ ሽሮ የሚያስፈጨው ያኔ ነው፣ የዓመቱ ሥራዋ ያ ነው። ጌጡ ብዙ አልተናገረም። ‹‹ይደርሳል›› አላት። እሱ ይደርሳል ካለ ይደርሳል፤ በዚህ ነው የሚታወቀው።

ለአያሌውም ከአሮጌ ትራንስፎርመር ያወጣውን ላሜራ ሰጠውና ሦስት መቁጠሪያ ሙሉ ዳምጦ፣ አግሎ እንዲያመጣ ነገረው። በቁጥር አልነገረውም፤ በሁለቱ መሀል ልኩ መቁጠሪያ ነበር።

ከሳምንት በኋላ አያሌው ላሜራውን በጆንያ ተሸክሞ መጣ። ጌጡ ቆጠረ። ሦስት መቁጠሪያ ሙሉ ነው፣ አንድ አልጎደለም። ሲደረድረው ግን ቁመቱ ከለመደው ጣት ያህል አነሰ። ቀና ብሎ አበልጁን አየው።

‹‹አሳምሬ ስለዳመጥሁት ነው›› አለ አያሌው፣ የሱቁ በርጩማ ላይ እየተቀመጠ። ‹‹የድሮው እየተንጋደደ ክፍተት ይተው ነበር። ይኸው ተጣብቆ ተኛልህ።››

‹‹እሳቱስ?››

‹‹እሳቱን መቼ ረስቼ አውቃለሁ፣ አበልጄ?››

የጌጡ እጅ አምፖሉ ወደተሰቀለበት ሄዶ ነበር። ግማሽ መንገድ ደርሶ ተመለሰ። አያሌው እዚያው ተቀምጧል፣ እያየው ነው። አግልሁት ያለህን አበልጅ ፊቱ ላይ አምፖል ማብራት ትዋሻለህ ማለት ነው። ልጅህን ክርስትና ያነሣ ሰው እንዴት በአምፖል ይፈተናል? ጌጡ የቀረውን ክፍተት በደረቅ የወይራ ሽብልቅ ሞላው፤ መጠምጠም ጀመረ። በሃያ ዓመት እንዲህ ያለ ሽብልቅ አስገብቶ አያውቅም።

የጾሙ መግቢያ ሰሞን ትራንስፎርመሩ ገሳይ ሄዶ ተተከለ። በመጀመሪያው ቀን ወፍጮው ዘፈነ። በሁለተኛው ቀን ትራንስፎርመሩ ማጉረምረም ጀመረ፤ ፈንታነሽ አዲስ ስለሆነ ነው ብላ አለፈችው። በሦስተኛው ቀን፣ ቤቱ በወረፋ ተሞልቶ ሳለ፣ ጨሰ። ከዚያ ነደደ። አጠገቡ የነበረ የደንበኛ በርበሬ ከነጆንያው ተያያዘ፤ የበርበሬ ጭስ ደግሞ ይታወቃል፣ ሰው እየሳለና እያለቀሰ ተራግጦ ወጣ። ሁለት ሴቶች ተጎዱ ተብሎ ጤና ጣቢያ ተወሰዱ። ደግነቱ በማግሥቱ ደህና ሆኑ። ወፍጮው ግን ቆመ፤ ገሳይም ‹‹ጌጡ የሚሉት ሰው ሊያነድደን ነበር›› ይል ጀመር።

ፈንታነሽ አልጮኸችበትም። የተቃጠለውን በባጃጅ ጭና አመጣችና ሱቁ ደጃፍ አስቀመጠችው። ‹‹ጌጡ፣ እኔ አንተን አምኜ ነው›› ብላ ሄደች። ከዚህ ቢጮኹበት ይሻለው ነበር።

ፈታው። ከመሀል ካሉት፣ እሳቱ ካልደረሰባቸው ላሜራዎች አንዱን አውጥቶ ከአሮጌ ላሜራ ጋር በጣቶቹ መሀል ያዘው። ቀጭን ነው። ተዳምጦ የተቃና ብቻ ሳይሆን ተዳምጦ የተለጠጠ ነው። ጫፉን አጠፈው፤ እንደ ተወጠረ ሽቦ መልሶ ዘለለ። እሳት የገባ ላሜራ እንዲህ አይዘልም፣ እጅ ላይ ይለዝባል። አምፖሉን አበራ። ቦግ አለ።

ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ አየው። እመቤት ምሳ ይዛ መጥታ ምነው አለችው። ‹‹አያሌው እሳት አላገባበትም›› አላት። 

የፈንታነሽ ዘመዶች ሽማግሌ አስቀመጡ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእርሷ ግቢ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ነበር። በመሀል የተቀመጡት መሪጌታ ወልደጊዮርጊስ ናቸው፤ ዜማ ሲያስተምሩ አርባ ዓመት የሞላቸው፣ ጆሯቸው ቢከብድም ነገር የማያመልጣቸው አዛውንት። አያሌውም ተጠርቷል። ጌጡ ክርክር እንደማይችል ስለሚያውቅ አምፖሉን፣ ጥቅሉንና ሁለት እስር ላሜራ በዘንቢል ይዞ መጣ፤ አንዱ እስር ድሮ እሱና አያሌው አብረው ያገሉት፣ ሌላው ከተቃጠለው የወጣ ነው።

ተናገር ሲባል ተነሣ። ላሜራው እሳት አልገባበትም፣ አበልጄ ገብቶበታል ብሎኝ ነበር፣ እኔም አልፈተንሁም አለ፤ ያንንም ያለው ቃሉ እየተጎተተ ነው። ያን ጊዜ አበልጁ ‹‹አዎ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው›› ቢል ኖሮ፣ ጌጡ በኋላ ለእመቤት እንደነገራት፣ እዚያው ተነሥቶ ያቅፈው ነበር።

አያሌው ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣ። አነጋገሩ ለስላሳ ነበር፣ እንደ አዘነ ሰው።

‹‹አባቶቼ፣ ይህን መናገር አልፈልግም ነበር። አበልጄ ነው። ግን የሰው ቤት ነድዷል። ጌጡ ቁጥር አያውቅም። ማንበብ አይችልም። ያን ሁሉ ሽቦ የሚቆጥረው በምን እንደሆነ ጠይቁት። በመቁጠሪያ ነው። በእናቱ መቁጠሪያ። እንግዲህ አንዲት ፍሬ ብትዘልበት ምን ሊፈጠር ነው?››

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። አንዱ ‹‹ስግደቱንስ የት ላይ ነው የሚያደርገው?›› አለ፤ ሳቁ ጨመረ። ጌጡ መሬት መሬት አየ። ሃያ ዓመት የደበቀው ነገር ነው። ከሚስቱ ሌላ የነገረውም ለአንድ ሰው፣ ልጁን ክርስትና ባስነሣ ዕለት፣ ከእንግዲህ ወንድሜ ነህ ብሎት ነው።

መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። ‹‹ይዘሃታል?›› አሉት።

አወጣት። ፍሬዎቿ በሽቦ ቫርኒሽ ተለብጠው ያብረቀርቃሉ። መሪጌታ ተቀብለው ዳሰሷት፣ አንድ በአንድ።

‹‹በእያንዳንዷ ምን ትላለህ?››

‹‹ኪርያላይሶን እላለሁ፣ አባ። አለዚያ ይጠፋብኛል።››

‹‹ለአንድ ትራንስፎርመር ስንት ጊዜ ትዞራለህ?››

‹‹ለዚህ... አስራ አንድ ጊዜ።››

መሪጌታ አሰቡና ወደ ሳቂዎቹ ዞሩ። ‹‹ከሰባት መቶ በላይ ኪርያላይሶን ነው። እናንተ በስቅለት እንኳ ይህን ያህል ሳታደርሱ ነው የምትቀመጡት።›› መልሰው ሰጡት። ‹‹መቁጠሪያ የተሠራችው ለመቁጠር ነው፤ አትስትም። አሁን የብረቱን አሳየን።››

የመብራት መስመር ከቤት ተሳበ። ጌጡ ዘንቢሉን ፈታ፤ ሽቦውን አያያዘ። ሁለቱ እስሮች ውፍረታቸው እኩል መሆኑን ለመሪጌታ አስዳሰሰ። አሮጌውን ጥቅሉ ውስጥ ከተተ። አምፖሉ ደከመ፣ ክሩ ብቻ ቀላ። አውጥቶ ከተቃጠለው የወጣውን ከተተ። አምፖሉ በቀን ብርሃን ዓይን እስኪወጋ በራ። እንደገና አሮጌውን። ደከመ። እንደገና አዲሱን። በራ።

‹‹የሽቦው ዙር አንድ ነው›› አለ ጌጡ። ‹‹ያው ጥቅል ነው። የተለወጠው ላሜራው ነው።››

ከዚያ ወዲያ የሚስቅ አልነበረም። ፈንታነሽ ራሷ ቀርባ ሁለት ጊዜ ከትታ አየችው። ከዚያ አያሌውን ብቻ ተመለከተች።

አያሌው እውነቱን ተናገረ። ለካ ከሐሙሲት ብየዳ ማሽን የሚፈልግ ሰው መጥቶበት ነበር። ከጌጡ ላሜራ ሲሶውን፣ እሳት የገባውን፣ ለዚያ ማሽን ትራንስፎርመር አዋለው። የቀረውን ብሎኑን አጥብቆ፣ አምስት ስድስት ጊዜ በመዳመጫው እያመላለሰ ለጠጠው፤ የረዘመውን ቆርጦም ቁጥሩን ሞላ። እሳት ለማግባት ደግሞ ቀኑ አልበቃውም። ‹‹ብረት ብረት ነው ብዬ ነው›› አለ። ‹‹ይህን ያህል ይሆናል አላልሁም።››

ጌጡ ይህን ሁሉ ቆሞ ሰማ። የላሜራው ነገር አልነበረም ያመመው። ሲሶ ስጠኝ ቢለው ይሰጠው ነበር። ያመመው፣ አያሌው ለሽማግሌዎቹ የሚያቀርበው ሌላ ሰበብ ጠፍቶ የመቁጠሪያዋን ምስጢር ማውጣቱ ነው።

ሽማግሌዎቹ ታረቁ አሉ። ለተቃጠለው በርበሬ አያሌው እንዲክስ፣ ላሜራውን አሁን እሳት አግብቶ እንዲመልስ፣ ጌጡም ይቅር እንዲል። ጉልበት ተሳመ፣ ይቅር ተባለ። ጌጡ አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ እሳቱ በእርሱ ግቢ ይሁን አለ። ለምን ብሎ የጠየቀው የለም።

ሰኞ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ቆፈረ። ከተቃጠለው የተረፈውንና ከአያሌው ቤት የመጣውን፣ ተለጥጦ የተረፈ ላሜራ በሣጥን ደረደረ፣ በጭቃ መረገ፣ ከሰሉን ራሱ አናፋ። አያሌው ከሰል ተሸክሞ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። እንደ ድሮው ጨዋታ ጀመረ፤ የአንድ የሐሙሲት ነጋዴ ቀልድ። ጌጡ ሣጥኑን ያያል። ሣጥኑ የበርበሬ ቀለም ሲይዝ በአመድ ቀበረው። ሁለት ቀን ማንም እንዳይነካው ለእመቤት አደራ አላት።

ሁለቱን ቀን ያሰበው አንድ ነገር ነው። ብረቱ ከታረቀ ፈንታነሽ ጾሙ ሳይጋመስ ወፍጮዋ ይዞርላታል፣ ስሙም ይመለሳል። አያሌውንም ከልቡ ይቅር ይለው እንደሆነ፣ እንጃ፣ ምናልባት።

ረቡዕ ጧት ጭቃውን ሰበረ። አያሌው አልቀረም፤ በርጩማ ስቦ ቀረበ። ላሜራው ለዝቧል፣ ሲያጥፉት አይዘልም። ጌጡ ደስ አለው። ጣት ያህል አስሮ ጥቅሉ ውስጥ ከተተ፣ አምፖሉን አበራ።

አልደከመም። እንደ መጀመሪያው ቦግ አላለም፣ ግን በርቷል። ግማሽ ያህል። ጌጡ አገላብጦ ከተተው። ሌላ እስር ሞከረ። ያው ነው። ከመጠን በላይ የተለጠጠ ብረት ፋብሪካ የሰጠው መንገድ ጠፍቶበታል፤ እሳቱ ያለዝበዋል እንጂ ያን መንገድ አይመልስለትም። ይህን ቀድሞ አያውቅም ነበር፤ እንዲህ አድርጎ የለጠጠ ሰው አላጋጠመውም።

‹‹ትንሽ ብናቆየውስ?›› አለ አያሌው።

ጌጡ አምፖሉንና ጥቅሉን ይዞ ወደ ሱቁ ሄደ፤ አያሌውም ተከተለው። በሱቁ ጥግ የጌጡ የራሱ ትራንስፎርመር አለ፤ ከባሕር ዳር ሲመለስ ሥራ ያስተማሩት ሽማግሌ በሰጡት ላሜራ የሠራው የመጀመሪያ ሥራው። ማታ ማታ መብራቱ ሲደክም የሱቁ ሥራ እንዳይቆም የሚያደርገው እሱ ነው። ብሎኑን መፍታት ጀመረ። ላሜራዎቹን እያወጣ በቁመት ደረደረ፤ ለፈንታነሽ ሥራ ይበቃሉ። ከመሀል እስር ወስዶ ጥቅሉ ውስጥ ከተተ። የራሱን ነው የሚፈትነው፣ አያሌው ፊት። አምፖሉ ደከመ። ክሩ ብቻ ቀላ።

መቁጠሪያዋን ከኪሱ አወጣና ከጠረጴዛው ሥር ሳይሆን ከላይ አስቀመጣት። አዲሱን ሽቦ ያዘ።

አያሌው መስኮቱ ፊት ቆሞ ነበር፣ ብርሃኑን ጋርዶ። ‹‹አበልጄ፣ አንዱን ጫፍ ልያዝልህ?›› አለ።

‹‹አቶ አያሌው›› አለ ጌጡ ቀና ሳይል፤ ‹‹ትንሽ ወደዚያ ቢሉልኝ። ብርሃኑን ከለከሉኝ።››

አያሌው ሌላ ሰው የገባ መስሎት ወደ በሩ ዞረ። ማንም አልነበረም። ከዚያ ገባው። ወጣ፤ የቆርቆሮውን በርም ቀስ አድርጎ መለሰው።

ጌጡ የመጀመሪያዋን ፍሬ አሳለፈ። ኪርያላይሶን።